ወደ ወፎቹ ደሴት የሚሄድ ሻንጣ

ስሙማ! ዛሬ የምተርክላችሁ የአንድ ሻንጣ ነገር ነው። ሻንጣው የእህቴ ልጅ፣ መንገዱ ወደ ሲሸልስ፣ ጉዳዩም ወፍና ኤሊ ማየት። ልጅቷ የባዮሎጂ አስተማሪ ናት፤ ከደመወዟ ላይ እየቆነጠረች ስታጠራቅም ከርማ ለኅዳር ቲኬት ቆረጠች። እኔ በአንድ ወቅት ሥራ ጠርቶኝ እነዚያን ደሴቶች ረግጫቸው ስለነበር፣ ሻንጣው በሚሰናዳበት ዕለት ናልን ተባልኩ።

ስደርስ አልጋው ላይ ያልተከመረ ነገር የለም። በአንድ ወገን የልጅቷ ልብስና ጫማ፣ በሌላው ወገን እናቷ ያሰናዳችው ስንቅ፦ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ጥሬ ቡና፣ በጨርቅ የተቋጠረ ጤፍ።

«እታለም፣ ጤፉ ደግሞ ለምን?» አልኳት እህቴን።

«ለአጥሚት ነዋ! ሆዷን ቢያማት በሰው አገር ማን ያፈላላታል? እዚያው አስፈጭታ ትጠጣለች።»

ልጅቷ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ በል ንገረኝ፤ ምን ልያዝ?»

«መጀመሪያ የማትይዢውን እንለይ» አልኳት። ይህን ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ እሱን ለመንገር ግን ሻንጣውን ለጊዜው ትተን ወደ አንዲት ደሴት መሻገር አለብን። እናንተም አብራችሁን ተሻገሩ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

ሲሸልስ 115 ደሴቶች ያሏት፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተበተነች አፍሪካዊት አገር ናት። ዋናዋ ደሴት ማሄ ነች፤ ቀጥላ ፕራስሊን። ከፕራስሊን አጠገብ ኩዛን የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ስፋቷ 30 ሄክታር አይሞላም። የጥንት ዱሯ ተመንጥሮ ለንግድ የሚሆን ኮኮናት ተተክሎባት ነበር። ታዲያ በ1960ዎቹ አንዲት ቡናማ፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ወፍ፣ የሲሸልስ ዋርብለር የምትባለው፣ ከዓለም ጠፍታ ጠፍታ ይህችው ደሴት ላይ ብቻ ቀረች። ቁጥሯ ከ30 በታች ነበር። አስቡት እንግዲህ፤ አንድ ዘር በሙሉ፣ በአንዲት ደሴት፣ አንድ የትምህርት ክፍል በማይሞላ ቁጥር!

በ1968 ዓለም አቀፉ የወፎች ጥበቃ ምክር ቤት፣ ዛሬ በርድላይፍ ኢንተርናሽናል የሚባለው፣ ደሴቷን ገዛት። ለወፍ ተብሎ ደሴት ተገዛ። ኮኮናቱ ቦታውን ለነባሩ ዛፍ እንዲለቅ ተደረገ፤ ዱሩ ተመለሰ፤ ወፏም በዛች። ደሴቷ ስትጠባት ሌላ ቤት ተፈለገላት፤ በ1988 ሃያ ዘጠኝ ወፎች ተይዘው አሪድ ወደምትባል ደሴት ተወሰዱ፤ በ1990 ሌሎች ሃያ ዘጠኝ ወደ ኩዚን፤ በ2004 ሃምሳ ስምንት ወደ ዴኒ፤ በ2011 ሃምሳ ዘጠኝ ወደ ፍሬጌት። ዛሬ ያቺ ወፍ ከ3000 በላይ ሆናለች።

«ቆይ፣ ሌላ ደሴት ላይ አልቃ ኩዛን ላይ ብቻ ለምን ተረፈች?» አለች ልጅቷ። አስተማሪ አይደለች? ነጥቡን ያዘችው።

ኩዛን ላይ አይጥ አልገባም። ነገሩ ይኸው ነው። ሌሎቹን ደሴቶች መርከብ ሲጎበኛቸው አይጥና ድመት አብሮ ወረደ፤ ኩዛንን ግን ሳይነካት ቀረ። የደሴት ወፍ ደግሞ ከአይጥ ጋር ኖራ አታውቅም። ነጭዋ ተርን ጎጆ እንኳ አትሠራም፤ አንዲት እንቁላሏን ባዶ ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጣ ትታቀፋለች። ነጭ ጭራ ያላት ትሮፒክበርድ ከዛፍ ሥር፣ መሬት ላይ ትተኛለች፤ ሰው በአጠገቧ ሲያልፍ ቀና ብላ ታያለች እንጂ አትሸሽም። መሸሽን የሚያስተምራት ጠላት አልነበራትማ! እንዲህ ያለ አገር ላይ አንዲት ያረገዘች አይጥ ከገባች የሚሆነውን ገምቱት።

ደግሞ ግምት ብቻ አይደለም። ማግፓይ ሮቢን የምትባለው ጥቁርና ነጭ ዘማሪ በ1960ዎቹ አጋማሽ በዚያችው በፍሬጌት ደሴት ላይ ብቻ፣ 12 ወይም 15 ሆና ቀርታ ነበር። ሰዎች ጎጆ ሠርተው፣ ምግብ እየሰጡ፣ ስንት ዓመት ለፍተው ቁጥሯ ሲያንሰራራ፣ በ1995 አይጥ ፍሬጌት ላይ ታየ። እስከ 2000 ድረስ አልጠፋም። በመጨረሻ መርዝ በደሴቲቱ ላይ ሲበተን ወፎቹ እንዳይበሉት ተለቅመው በአጥር ውስጥ ተጠብቀው ነው የተረፉት። ይህ ሁሉ ድካም ምናልባት አንድ ሰው አንድን ጭነት አራግፎ ባለማየቱ የመጣ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ኩዛንን ለማየት ስትሄዱ የመጣችሁበት ጀልባ ዳርቻዋን አይነካም። ራቅ ብሎ ባሕሩ ላይ ይቆማል፤ ከደሴቷ የራሷ ጀልባ ይመጣና እናንተን ያሻግራል። የጥበቃው ሰዎች ጀልባቸውን ማዕበሉን አስታከው በፍጥነት አሸዋው ላይ ያወጧታል፤ እጀታውን አጥብቃችሁ ያዙ ይሏችኋል። እኔ ያን ዕለት የገባኝን ነው ለልጅቷ የነገርኳት፦ ጀልባው ሲቀየር ሻንጣችን ግን አልተቀየረም። ያመጣነውን ሁሉ ይዘን ነው የወረድነው።

«ሻንጣሽ ትንሽ መርከብ ናት» አልኳት። «አይጥ ባትይዝ ዘር ትይዛለች፣ ጉንዳን ትይዛለች፣ ነቀዝ ትይዛለች።»

በሉ እንግዲህ፣ ወደ ስንቁ ተመለስን። ጤፉና ጥሬ ቡናው ወጡ። እህቴ ከፍቷት ነበር፤ ግን የሲሸልስ ሕግ ተክልና ዘር ያለ ፈቃድ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ጤፍ ደግሞ አንዷ ቅንጣት ከቋጠሮ ስታመልጥ ማን ያያታል? ጥሬ ቡና ውስጥ የተደበቀች ነቀዝም እንዲሁ። ተቆልቶ የተፈጨው በሶና ሽሮ በጥሩ ላስቲክ ታሽጎ፣ በጥቂቱ፣ ሻንጣው ላይኛው ክፍል ተቀመጠ፤ ሲደርሱ በሚሞላው ቅጽ ላይ ምግብ ይዣለሁ ብላ እንድታስታውቅ፣ ፍተሻው ጋ አውጥታ እንድታሳይ፣ አይገባም ካሏትም ሳታንገራግር እንድትተወው ተስማማን። ሆድ ለታመመ ደግሞ የሚበጠበጥ የጨውና ስኳር መድኃኒት ከፋርማሲ ተገዛላት፤ እህቴም በዚህ ልቧ አረፈ።

ቀጥሎ ጫማው። እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ቆየሁ፤ አሁንም እቆያለሁ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው እዚህ ነውና። ልጅቷ ተማሪዎቿን ይዛ እንጦጦ የምትወጣበት ወፍራም ጫማ ነበራት። ገልብጬ ሳየው ሶሉ መሐል ያለው ጭቃ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። የካልሲዋ አንገት ላይ ጭጎጎት ተሰክቷል። ጭጎጎትን የማያውቅ አለ? ሜዳ ላይ የሮጠ ሁሉ ከሱሪው ሲነቅለው ያመሸው ያ ጥቁር መርፌ ነው። ያ መርፌ ዘር ነው፤ የሚሰካውም ሰው ተሸክሞ አዲስ አገር እንዲያደርሰው ነው።

ኩዛን ላይ ዘር መጣበቅን ያየሁት ደግሞ በሌላ መልኩ ነው። እዚያ ፒሶኒያ የሚባል ነባር ዛፍ አለ፤ ዘሩ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ወፎቹ ላባ ላይ ተለጥፎ ወደ ሌላ ደሴት ይሻገራል። በአንዷ ወፍ ላይ ሲበዛ ግን ክንፏ ይተሳሰርና መብረር ያቅታታል፤ ዛፉ ሥር ወድቃ የምትሞትም አለች። ዛፉና ወፎቹ ግን በዚያ ሁኔታ ለብዙ ዘመን አብረው ኖረዋል፤ የእነሱ ጉዳይ ነው። ከእንጦጦ በካልሲ የሚመጣው ጭጎጎት ግን የእነሱ ጉዳይ አልነበረም፤ የእኛ ነው።

ጫማው በሳሙና ውሃ ተዘፈዘፈ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ተፈተገ፣ የሶሉ ስንጥቅ በስንጥር ተጫረ፣ ማሰሪያው ወጥቶ ለብቻው ታጠበ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ሱሪዎቿ በሙሉ ኪሳቸው ወደ ውጭ ተገልብጦ ተራገፈ፤ ከአንዱ ኪስ የሱፍ ፍሬ ወጣ። የቦርሳዋ ስፌት፣ የካሜራዋ ከረጢት፣ ተለጣፊው ማሰሪያ በሙሉ ታየ፤ ተለጣፊ ማሰሪያ ዘር ይወዳል። ሻንጣው ራሱ በቫኪዩም ተጠርጎ ውስጡ በጨርቅ ተወለወለ።

«ይህን ያህል?» አለች እህቴ።

ቢጫ እብድ ጉንዳን የሚባል አለ አልኳት፤ ከሌላ አገር የመጣ ነው። በርድ ደሴት በምትባለው ላይ ተስፋፍቶ በሚሊዮን በምትቆጠረው የባሕር ወፍ መንጋ መሐል ገብቶ ነበር። በ2009 ደግሞ ፕራስሊን ላይ ባለው ቫሌ ደ ሜ በሚባለው ጫካ ውስጥ ተገኘ። ቫሌ ደ ሜ ከ1983 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ የጥንት ዘንባባ ጫካ ነው። ጉንዳኑ አሲድ ይረጫል፤ እንሽላሊቱንና ቀንድ አውጣውን ያሳድዳል። ወደዚያ ጫካ በእግሩ አልሄደም እኮ፤ ሰው ነው ያደረሰው። እህቴ ዝም ብላ ቫኪዩሙን አንሥታ የቦርሳውን ኪስ ደግማ ጠረገችው።

ልብሱን በአጭሩ ላሳልፈው። አየሩ ዓመቱን ሙሉ ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ቀጫጭን፣ ቶሎ የሚደርቅ፣ እጀ ረጅም ሸሚዝ፣ ቀለሙ ያልደመቀ። ሰፊ ባርኔጣ። ኅዳር ላይ ዝናቡ እየመጣ ስለሆነ ቀላል የዝናብ ልብስ። ጂንሱ ቤት ይቅር፤ አንዴ ከራሰ አይደርቅም።

ነጠላ ጫማውን ግን በማሰሪያ ሰንደል ለወጥኩባት። አንደኛ፣ ከጀልባ ስትወርድ ውሃ ውስጥ ነው የምትረግጠው፤ ነጠላ ጫማ ማዕበሉ ይወስደዋል። ሁለተኛ፣ የተወሰደው የት እንደሚደርስ ስለማውቅ ነው። ከማሄ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አልዳብራ የሚባል የደሴቶች ቀለበት አለ፤ ወደ 100 ሺህ የሚሆኑ ግዙፍ ኤሊዎች የሚኖሩበት፣ መብረር የተወች ወፍ ዛሬም መሬት ለመሬት የምትሮጥበት። ቋሚ ነዋሪ የሌለበት ይህ ቦታ በ2019 ሲጸዳ በጎ ፈቃደኞች ያነሡት የባሕር ቆሻሻ 25 ቶን ነበር። ከውስጡ የነጠላ ጫማው ብዛት ጉድ ያሰኛል። በዚሁ አሳብ የውሃ ኮዳ ተጨመረ፤ ፌስታሎቹ ወጥተው በጨርቅ ከረጢት ተተኩ። ሲሸልስ ፌስታልን ከ2017 ጀምሮ ከልክላለች።

አሁን ወደምወደው ዕቃ መጣን፤ ባይኖኩላር። ልጅቷ የተዋሰችው ባይኖኩላር ላይ 8 በ42 የሚል ተጽፎበታል። «ይህ ምን ማለት ነው?» አለች። የመጀመሪያው ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊት መስተዋቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ የሚያቀርብ ይሻላል የሚሏት ነበሩ፤ እኔ ግን ይህንኑ ያዢ አልኳት። ጀልባ ላይ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ብዙ ባቀረበ ቁጥር መንቀጥቀጡም ይገዝፋል። ሰፊ መስተዋት ደግሞ ጥላ ውስጥ ብርሃን ይሰበስባል። ላ ዲግ ደሴት ላይ ፓራዳይዝ ፍላይካቸር የምትባለው ወፍ የምትኖረው በቅጠል በተጋረደ ዱር ውስጥ ነው፤ ወንዱ ጥቁር ነው፣ ጭራው ከሰውነቱ ይረዝማል። ጥቁር ወፍ በጥላ ውስጥ! ብርሃን ያልሰበሰበ መስተዋት ያንን አያሳይም።

ካሜራውም ሆነ ባይኖኩላሩ አየር ማቀዝቀዣ ካለው ክፍል ድንገት ሲወጡ በጉም ይሸፈናሉ። ስለዚህ ለጉብኝት ከመውጣቷ ቀደም ብላ ከነከረጢታቸው በረንዳ ላይ እንድታስቀምጣቸው ነገርኳት፤ ከጫማ ካርቶን የሚገኙትን እርጥበት መምጠጫ ትናንሽ ከረጢቶችም አጠራቅመን ጨመርን። ለጀልባው ደግሞ አፉ ተጠቅልሎ የሚዘጋ ውሃ የማያስገባ ከረጢት። ፍላሽ ወፎቹ ላይ አይበራም።

የግንባር ባትሪ ያዢ፤ ቀይ መብራት ያለው ቢሆን ይመረጣል። ማሄ ተራራ ላይ ማታ ጉጉቷን ለመስማት ነው፤ ጠፍታለች ተብላ በ1959 እንደገና የተገኘችውን ስኮፕስ ጉጉት። እዚያው ቅጠል መሐል ደግሞ የጋርዲነር እንቁራሪት አለች፤ ስታድግ ቁመቷ ከ1 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። መካከለኛ ጆሮ የላትም፤ ግን ትሰማለች። በ2013 የታተመ ጥናት ድምፅ የሚደርሳት በአፏ ክፍተት በኩል እንደሆነ አሳይቷል። ልጅቷ ይህን ስትሰማ መጻፏን አቆመች። «ለተማሪዎቼ ድምፅዋን ቀድቼ አመጣለሁ» አለች። በእጅ ማንሣት ግን የለም፤ እጃችን ላይ የትንኝ መከላከያ አለ፣ እንቁራሪት የምትተነፍሰው ደግሞ በቆዳዋም ጭምር ነው።

ስለ ትንኝ ካነሣን፣ ሲሸልስ ላይ እንደ እኛ አገር ወባ የለም። ዴንጊ ግን ይከሰታል፤ የሱ ትንኝ ደግሞ ቀን ነው የምትነክሰው። እጀ ረጅሙ ሸሚዝ ለዚህም ይሆናል። ዲት የሚባለው ንጥረ ነገር ያለበት መከላከያ ፕላስቲክ ስለሚበላ ባይኖኩላር ከመንካቷ በፊት እጇን ትጥረግ። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው ዋናው ወረቀት ግን ሌላ ነው፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ክትባቱን የማታውቁ ልብ በሉ፤ ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ጀምሮ ነው፣ ከዚያ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። በጉዞው ዋዜማ የሚሮጡለት ነገር አይደለም። ከጉዞ በፊት በኢንተርኔት የሚሞላው የመግቢያ ፈቃድም ታትሞ ካርዱ ጋር ተያያዘ። ሶኬቱ የእንግሊዝ ዓይነት፣ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ስለሆነ ከመርካቶ አንድ አዳፕተር ተገዛ።

የፀሐይ ቅባት ላይ ተከራከርን። ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ ገዝታ ነበር፤ እኔን ግን የኮራሉ ነገር አሳሰበኝ። በ1998 ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ በሲሸልስ ውስጠኛ ደሴቶች ዙሪያ ካለው ሕያው ኮራል ከ90 በመቶ በላይ ሞተ። ያገገመ አለ፣ ያላገገመም አለ። የኮራሉ ዋና ጠላት ሙቀቱ ነው፤ ይህን ማሳነስ አልፈልግም። ሆኖም ኦክሲቤንዞን የሚባለው የቅባት ቅመም የኮራልን ጨቅላ እንደሚጎዳ በቤተ ሙከራ ታይቷል፤ ሃዋይና ፓላው በሕግ ከልክለውታል። ለተጎዳ ነገር ተጨማሪ ጉዳት ለምን? ጠርሙሶቹ ተመልሰው ዚንክ ያለበት አንድ ትንሽ ቱቦ ተገዛ፤ የቀረውን ሥራ ውሃ ውስጥ የሚለበስ እጀ ረጅም ልብስ ይሥራው።

ሻንጣውንም ቀየርነው። በደሴቶቹ መሐል የሚበሩት አውሮፕላኖች ትናንሽ ናቸው፤ የሻንጣውን ክብደት አጥብቀው ይቆጣጠራሉ፤ ጠንካራና ባለ ጎማ ሻንጣ ለጀልባም አይመችም። በጨርቅ ቦርሳ ለወጥነው፤ ግማሹ ዕቃ የወጣለት ስለሆነ በቂ ቦታ ነበረው።

«የተረፈው ቦታ የስጦታ ነው» አለች እህቴ። «የባሕር ኤሊ ቅርፊት ማበጠሪያ ያምራል ይባላል፤ አንድ አምጪልኝ።»

ልጅቷ ወደኔ ዞር አለች። ማበጠሪያው የሚሠራው ሆክስቢል ከሚባለው የባሕር ኤሊ ነበር፤ ሲሸልስ ግን ከ1994 ጀምሮ የባሕር ኤሊን በሙሉ በሕግ ትጠብቃለች። በዚያ የተነሣ ኩዛን ዳርቻ የሚወጡት እናቶች በብዙ እጥፍ ጨምረዋል። ደግሞ የሲሸልስ ሆክስቢል ልዩ ጠባይ አላት፤ በሌላው ዓለም በአብዛኛው ማታ ማታ እንቁላል ስትጥል እዚህ በጠራራ ፀሐይ ወጥታ አሸዋ ትቆፍራለች። ወቅቱም ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። እህቴን «ልጅሽ ኅዳር ላይ ነው የምትሄደው፤ ማበጠሪያውን ሳይሆን ባለቤቷን በቀን ታያታለች» አልኳት።

«ታዲያ ለኔ ምን ይመጣል?»

«ኮኮ ደ ሜር አለ» አለች ልጅቷ፤ አንብባለች። በዓለም ትልቁ ዘር ነው፤ በዱሩ የሚበቅለው ፕራስሊንና ኩርዩዝ ደሴቶች ላይ ብቻ። መግዛት ይቻላል፤ ሕጋዊው የመንግሥት ተለጣፊ ምልክትና የመውጫ ፈቃድ ወረቀት አለው፤ ያ ከሌለው ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል። ዋጋው ውድ ነው፤ አንዱ ፍሬ ከነውስጡ 20 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል።

እህቴ ቦርሳውን አነሣች፣ መዘነችው፣ አስቀመጠችው። «ፎቶው ይበቃኛል» አለች። «ያቺን ኤሊ አሸዋ ስትቆፍር አንሺልኝ፤ ከኋላዋ ሆነሽ፣ ሳትጠጊያት።»

ልጅቷ ወረቀቷ ላይ ጻፈችው። ኩዛን እንግዳ የሚቀበለው ከሰኞ እስከ አርብ፣ ጠዋት ጠዋት ስለሆነ፣ ማሄ የምትደርሰው ደግሞ ቅዳሜ ስለሆነ፣ ከሥሩ «ሰኞ፣ የጀልባ ቦታ ማስያዝ» ብላ ጨመረችበት፤ ከዚያ ጫማው ደርቆ እንደሆነ ለማየት ወደ ግቢው ወጣች።